ጥር ተገዝቶ ሐምሌ የሚጠፋ

በምዕራብ ጎጃም ገበሬው ገንዘብ የሚይዘው በርበሬውና በቆሎው ሲሸጥ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከጃቢ ጠህናን፣ ከቡሬ ዙሪያና ከወንበርማ ቀበሌዎች ወደ ከተማ የሚወርደው ሰው ለጣራው ቆርቆሮ፣ ለልጁ ሠርግ ልብስ፣ ለቤቱ ሶላር መብራት፣ ለጎረምሳው ስልክ ሸምቶ ይመለሳል። እኔ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስልክ፣ ሬዲዮና ሶላር እጠግናለሁ። የእኔ ሥራ የሚበዛው ግን ገበያው ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ሐምሌ ላይ ነው። በጥር የተገዛው መብራት ክረምቱ ሲከብድ፣ እህሉ ከጎተራ ሲሟጠጥ፣ እጅም ሲያጥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጣል።

በየዓመቱ በአንድ ወቅት የሚደጋገም ብልሽት የአጋጣሚ አይደለም። ርካሹን መብራት ስከፍተው ምክንያቱን በዓይኔ አየዋለሁ። ባትሪው ከሚገባው በታች ሳይሟጠጥ መብራቱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ የለውም። በበጋ ፀሐዩ በየቀኑ ስለሚሞላው ጉድለቱ ተሸፍኖ ይቆያል። በክረምት ሰማዩ ለቀናት ሲዳምን ግን ባትሪው እስከ ጥግ ተሟጦ ያድራል፤ በማግስቱ በቅጡ ሳይሞላ እንደገና ይሟጠጣል። እንዲህ የተጎዳ የሊቲየም ባትሪ አያገግምም። አምፖሉም ሱቅ ውስጥ ደምቆ እንዲታይ ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል፤ በወራት ውስጥ ይፈዛል። ይህን ሁሉ የምታድነው መቆጣጠሪያ ጥቃቅን ክፍሎች የተበየዱባት ትንሽ ሰሌዳ ናት፤ ዋጋዋም ከመብራቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ልጨምርለት ብል እንኳ ክዳኑ በብሎን አልተዘጋም፤ በሙጫ ወይም በሙቀት ተጣብቋል። ለመክፈት መስበር አለብኝ። የተሰበረ ክዳን ደግሞ ለሚቀጥለው ዝናብ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል።

እዚህ ላይ የምናዘዘው ነገር አለኝ። እንጀራዬ ብልሽት ነው። ልጆቼን ያስተማርኩት በእንዲህ ያለው መብራት ነው። ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ባትሪ እቀይርለታለሁ፣ ክዳኑን አሽጌ፣ ገንዘቤን ተቀብዬ እሰጣለሁ። ባለቤቱ መርቆኝ ይሄዳል፤ እኔ ግን በሚቀጥለው ክረምት ሊመለስ እንደሚችል እያወቅሁ ነው «አሜን» የምለው። ያ ምርቃት ይከብደኝ ነበር። ዕቃ ሁሉ ቢበረክት የእኔ ቤት ምን ይሆናል የሚለውን ፍርሃትም ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ፍርሃቱን የገፈፈልኝ ሥራው ራሱ ነው። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራውን የድሮ ሬዲዮ ደጋግሜ ጠግኛለሁ፤ ጠመንጃ መፍቻ ይበቃዋል፣ የተቃጠለው ክፍል ይታያል፣ ምትኩም አይጠፋም። ጠጋኝን በሙያው የሚያኖረው የሚከፈት ዕቃ ነው። ተጣብቆ የተሠራው ስልክ መስታወቱን ላስለቅቅ ስል እጄ ላይ ሲሰነጠቅ ደንበኛዬም እኔም እንከስራለን። ስለዚህ የዕቃ መቆየት የእኔና የገበሬው የጋራ ጉዳይ እንጂ የሚያጣላን ነገር አለመሆኑን ተረዳሁ።

ሕጉን እንድጠይቅ ያደረጉኝ ከብር ወንዝ ማዶ የመጡ አንድ አዛውንት ናቸው። መብራታቸውን ከፍቼ ባትሪው መሞቱን ስነግራቸው ዋጋውን አልጠየቁኝም።

«ልጄ፣ በሬ ስገዛ ዋስ እይዛለሁ» አሉኝ። «የዚህ ዋሱ ማን ነው?»

አገሩን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ምን ያህል ትክክል እንደሆነ ይገባዋል። በሬ ገዢ ጥርሱን ያያል፣ ጫንቃውን ይዳስሳል፣ አረማመዱን ያስተውላል፤ ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ ያለ ዋስ ብሩን አይቆጥርም። በሬው የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ቢገኝ ወይም የተደበቀ ነውር ቢወጣበት የሚጠየቅ፣ ቤቱ የሚታወቅ ሰው መኖር አለበት። መብራቱን ሲገዙ ግን ከካርቶኑ ላይ የአምራቹ አድራሻ አልነበረም፤ የአስመጪውም ስም አልነበረም።

«አባ፣ ደረሰኝ ይዘዋል?» አልኳቸው።

«ያለ ደረሰኝ ከሆነ ልቀንስልዎት አለኝ፤ ቀነሰልኝ።»

አብረን ወደ ሱቁ ሄድን። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከዚያ ወደ አንድ የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄድን፤ ያገኘነው ሠራተኛ ትሑት ሰው ነበር፤ አዋጁን አውጥቶ ከእኛ ጋር አነበበው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይባላል። በ2002 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 685 የተካ ነው። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ነጋዴም ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል። የገዛው ዕቃ ጉድለት ከተገኘበትም ሸማቹ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይህን መብት አይሽረውም። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ለካ በሕግ ደረጃ ባዶ እጃችንን አልነበርንም! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከጉድለት ነፃ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል።

አዛውንቱ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ ሠራተኛውን እንዲህ አሉት፦ «ጌታው፣ ጥር የገዛሁትን በ15 ቀን ውስጥ በምን ልወቀው? ሐምሌን ማን አምጥቶ ያሳየኛል?»

ሠራተኛው መልስ አልነበረውም፤ እኔም አልነበረኝም። የዕቃ ዕድሜ ሆን ተብሎ ስለሚያጥርበት አሠራር ብዙ አንብቤያለሁ፤ ነገሩን እንደዚህ ጥያቄ የገለጠልኝ ግን አላገኘሁም። አዋጁ የሚያስበው ከሱቅ ተበላሽቶ የወጣን ዕቃ ነው። 15 ቀን ጥር ውስጥ ተጀምሮ ጥር ውስጥ ያልቃል፤ መብራቱ የሚፈተነው ከመጀመሪያው ዳመና በኋላ ነው። አጭር ዕድሜ ያለው ዕቃ የሚያመርት ሰው ከዚህ ሕግ ጋር አንድም ጊዜ ፊት ለፊት አይገናኝም።

ከዚያ በኋላ ቡሬ ላይ አንድ ቸርቻሪ አነጋገርኩ። ሱቁ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ወንበርማም ወለጋም የሚሄደው ሰው በዚያው ያልፋል። ስለ ነጋዴ ያለኝ ቁጣ ሳይበርድ ነበር የገባሁት። እሱ ግን ከመደርደሪያው ሥር የተመለሱ መብራቶች የሞሉበት ካርቶን ጎትቶ አሳየኝ። ከመርካቶ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ዋስትና የተረከባቸው ናቸው። ለሚያውቃቸው ደንበኞች ከኪሱ እየቀየረ ከስሯል። «እኔስ ማንን ልክሰስ?» አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአካባቢያችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ ሲዘጋ የተበላሸ ዕቃ ወደ አዲስ አበባ መላክ ቀርቶ መለዋወጫ ማስመጣትም አስቸጋሪ ሆኗል፤ መብራት ኃይል ሲጠፋ ያቺ ትንሽ ሶላር ለብዙ ቤት ብቸኛዋ ብርሃን በሆነችበት ሰዓት ማለት ነው።

አዛውንቱ «አውቆ ነው ያታለለኝ» ይሉ ነበር። እኔም አንድ ሰው አውቆ እንዳደረገው አምን ነበር፤ ያን ሰው ፈልጎ ማግኘት ይመስለኝ ነበር ፍትሕ። ጎጃም የሙግት አገር ነው፤ «አውቆ አጠፋ» እና «ሳያውቅ አጠፋ» የሚለው ልዩነት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በዕቃ ጉዳይ ግን ይህ ጥያቄ የትም አያደርስም። ይህን የተማርኩት ከሌሎች አገሮች ሙከራ ነው።

አምራቾች አውቀው ዕድሜ እንዳሳጠሩ በሰነድ የተረጋገጠበት ዝነኛ ታሪክ የአምፖል ታሪክ ነው። በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1924) ኦስራምን፣ ፊሊፕስን፣ ቱንግስራምንና ሌሎችን ያካተተ ፊበስ የሚባል ማኅበር ጄኔቫ ላይ ተቋቋመ። የአሜሪካው ጄነራል ኤሌክትሪክም በውጭ ባሉ ተባባሪዎቹ በኩል ነበረበት። ከ1,500 እስከ 2,000 ሰዓት ይበራ የነበረውን የቤት አምፖል ወደ 1,000 ሰዓት አወረዱት። የእያንዳንዱ ፋብሪካ አምፖል በቤተ ሙከራ ይፈተሽ ነበር፤ አምፖሉ አብዝቶ የበራለት ፋብሪካ ቅጣት ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ በርናርድ ለንደን የተባለ የኒውዮርክ ሰው መንግሥት ለዕቃዎች የዕድሜ ገደብ በሕግ ያውጣ፣ ጊዜያቸው ያለፈው ይወገድ፣ ፋብሪካም ይሥራ የሚል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ሕግን ዕድሜ ለማሳጠሪያ ማሰቡ ያስደነግጠኛል፤ የታቀደው በዘመኑ የነበረውን የኢኮኖሚ ድቀት ለማቆም ነበር፤ የገበሬን ኪስ ግን ማንም አላሰበበትም።

የፊበስን ሐሳብ ያወቅነው ወረቀቱ ስለተረፈ ነው። ስም የሌለው ካርቶን መዝገብ የለውም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2015 የዕቃን ዕድሜ ሆን ብሎ ማሳጠርን ወንጀል አድርጋ ደነገገች፤ ሁለት ዓመት እስራትና 300 ሺህ ዩሮ ቅጣት አስቀመጠች። ድንጋጌው ያማረ ነው። ነገር ግን ከሳሽ ዕድሜው ማጠሩን፣ ሆን ተብሎ መደረጉን፣ ዓላማውም ሰው ቶሎ ሌላ እንዲገዛ መሆኑን ማስረዳት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 አፕል 25 ሚሊዮን ዩሮ ሲከፍል እንኳ የተጠየቀው በዚህ ወንጀል አልነበረም፤ አዲሱ ሶፍትዌር አሮጌ አይፎኖችን ሊያዘገይ እንደሚችል ለደንበኞቹ ባለመናገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ፈረንሳዮቹ ራሳቸው የማስረዳቱን ሸክም አቀለሉት። ጠበቃና ቤተ ሙከራ ያለው አገር የአምራችን ልብ መመርመር ከከበደው፣ ከብር ማዶ የመጡት አዛውንት እንዴት ይችሉታል?

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ተለወጠ። «ማን አውቆ አደረገው?» ማለቴን ትቼ «ስንት ዓመት መሥራት አለበት? ሲበላሽስ መለዋወጫውን የሚያቀርበው ማን ነው?» እላለሁ። ይህ በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ነው፤ ቁጥር ደግሞ ወረዳ ላይም ይዳኛል። የአውሮፓ ኅብረት አሁን የያዘው መንገድ ይኸው ነው። ከሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ የሚሸጥ ስማርት ስልክ ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶ እንኳ ቢያንስ 80 በመቶ አቅሙ እንዲቀረው ይጠበቃል፤ የሞዴሉ ሽያጭ ካቆመ በኋላም ዋና ዋና መለዋወጫዎቹ ለ7 ዓመት መገኘት አለባቸው። የፋብሪካው ባለቤት ክፉ ይሁን ደግ የሚጠይቀው የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ እዚያ ይህን መለኪያ ያላለፈው ስልክ ወዴት ይላካል? በራችን ላይ መለኪያ ከሌለን መልሱ አይጠፋንም።

መለኪያ በር ላይ ሲቆም ምን እንደሚለውጥ እኛም አይተነዋል። የዓለም ባንክ ቡድን ላይቲንግ ግሎባል በተባለው ፕሮግራም ለትናንሽ ሶላር መብራቶች የጥራት ደረጃ አውጥቶ ነበር። መብራቱ 2,000 ሰዓት ከበራ በኋላ ከመጀመሪያ ብርሃኑ ቢያንስ 85 በመቶው መቅረት አለበት፤ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና እንዳይሟጠጥ ጥበቃ ያስፈልገዋል፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው እውነት መሆን አለበት፤ ገዢውም ቢያንስ የ1 ዓመት ዋስትና ያገኛል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ ለሶላር አስመጪዎችና ለብድርና ቁጠባ ተቋማት ሲያበድር ምርቱ ይህን ደረጃ ማለፉን ይጠይቅ ነበር። በዚያ መንገድ ወደ ገጠሩ የገቡ መብራቶች ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርሱ አውቃቸዋለሁ። ብዙ ክረምት አሳልፈው፣ ጥላሸት ጠጥተው፣ ባትሪያቸው በእርጅና ደክሞ ይመጣሉ። ያረጀን ዕቃ መጠገን ደስ ይላል። በዚያው ገበያ፣ በዚያው ገበሬ እጅ፣ በዚያው ዝናብ ውስጥ የኖሩ ናቸው፤ የሚለዩት ገና ሳይገቡ አንድ ሰው ወረቀት ስለጠየቃቸው ብቻ ነው።

ያ ግን የብድር ቅድመ ሁኔታ ነበር። ከብድሩ ውጭ በጥሬ ገንዘብ የሚሸጠውን፣ ማለትም ድሃው የሚገዛውን፣ እኩል አልነካውም። የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የነበረው መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከተዛወረ ወዲህ ኃላፊነቱ በሚኒስቴሩና በክልል ንግድ ቢሮዎች እጅ ነው። ጉምሩክም አለ፣ የደረጃዎች ኢንስቲትዩትም አለ። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። የሞተ ባትሪ በሱቄ ጓሮ በባልዲ ተጠራቅሞ ሳየው ያ ደንብ ይታወሰኛል፤ ልጆች እንዳይነኩት ከፍ አድርጌ ከማስቀመጥ በቀር የምወስድበት ቦታ አላገኘሁለትም። ተቋማቱ አሉ። የጎደለው በመካከላቸው የሚያልፍ አንድ ቁጥር ነው።

በዚህ ላይ የሚቃወሙኝ ሰዎች አሉ፤ ቸርቻሪው አንዱ ነው። ዋስትና ግዴታ ከሆነ ርካሹ መብራት ይጠፋል፣ ገበሬውም ወደ ኩራዝ ይመለሳል ይላል። ስጋቱን አልንቀውም። ላምባ የሚያጨስበት ቤት ውስጥ አድጌያለሁ፤ ዓይን እንዴት እንደሚቆጠቁጥ አውቃለሁ። ዋጋው በእርግጥ ይጨምራል። ግን በየክረምቱ የሚገዛው መብራት ርካሽ ነው ብዬ መቀበል አልችልም፤ ሁለት ጊዜ የገዛ ሰው የደህናውን ዋጋ ከፍሏል፣ መካከል ላይ ደግሞ ጨለማ ውስጥ ከርሟል። ጭማሪውን በአንድ ጊዜ መክፈል ለማይችለው ሰው መፍትሔው በመኸር ወቅት የሚመለስ ብድር ነው፤ ማዳበሪያ በብድር እንደሚወስድ ሁሉ መብራትም መውሰድ ይችላል። ደካማ ዕቃ ለድሃ ይበቃዋል የሚለውን አስተሳሰብ ግን በሙሉ ልቤ እቃወመዋለሁ። ድሃው ነው ዕቃው እንዲቆይለት ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው።

ዛሬ ወደ እኔ ለሚመጣ ሁሉ አስቀድሜ ደረሰኙን እጠይቃለሁ። ለሌለው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲገዛ ቀኑንና የዕቃውን መለያ ቁጥር ሻጩ እንዲጽፍለት እነግረዋለሁ። አንዳንዶቹ መያዝ ጀምረዋል፤ ከግብር ደረሰኛቸው ጋር አጥፈው በፌስታል ያስቀምጡታል። ከሌሎች ጠጋኞችና ከገበሬዎች ጋር ሆነንም ጥያቄያችንን በጽሑፍ አዘጋጅተናል። በኤሌክትሪክ ወይም በባትሪ የሚሠራ የቤት ዕቃ የአስመጪው ስምና አድራሻ በአማርኛ ሳይጻፍበት አይሸጥ ብለናል። ክዳኑ በብሎን ይዘጋ፣ ባትሪውም የሚቀየር ይሁን ብለናል። የዋስትናው ጊዜ ከ1 ዓመት አይነስ፤ በማንኛውም ወር የተገዛ ዕቃ አንድ ሙሉ ክረምት በዋስትና ሥር ይለፍ ብለናል። ረቂቁን ለቡሬው ቸርቻሪ አሳየሁት። ስለ ዋጋው ያለው ስጋት አልለቀቀውም፤ ቢሆንም ብዕር አንስቶ ከታች አንድ መስመር ጨመረበት፦ ቸርቻሪ ለደንበኛው የቀየረውን ዕቃ አስመጪው በ30 ቀን ውስጥ ይተካ።